ማን አዘዘሽ? ለጅማ መሥሪያ ቤቶች የሰው ሀብት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በጅማ ከተማና በአካባቢዋ ለምትገኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የግል ድርጅቶች፣ ፋብሪካዎችና ሆቴሎች የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ «ሠራተኛው ተነሳሽነት የለውም» ስለሚባለው

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ጅማ ውስጥ 22 ዓመት በእናንተው ሥራ ላይ የኖርኩ፣ አሁን በጡረታ ቤቴ የተቀመጥኩ ሴት ነኝ። ሥራ ስጀምር ክፍላችን «ፐርሶኔል» ይባል ነበር። ቆይቶ «የሰው ኃይል አስተዳደር» ሆነ። አሁን «የሰው ሀብት» ነው። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሲቀያየር እኔ እዚያው ወንበር ላይ ነበርኩ። ማህደር ከፍቻለሁ። የዓመት ፈቃድ ቆጥሬአለሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አርቅቄአለሁ። ሠራተኛ ሲለቅ ዕዳ እንደሌለበት በሚያረጋግጠው ክሊራንስ ላይ ፈርሜአለሁ።

በቅርቡ አንድ ስብሰባ ላይ በእንግድነት ተጠርቼ ሄድኩ። አንድ ኃላፊ ተነሥተው «የእኛ ሠራተኛ ካልነገሩት አይሠራም፤ ተነሳሽነት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም» አሉ። አዳራሹ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ዝም ብዬ ወጣሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መናገር ሲገባኝ ያልተናገርኩትን ነው አሁን የምጽፍላችሁ።

ከቡና አልጋ ልጀምር።

ወደዚህ ሙያ ከመግባቴ በፊት አንድ የለቀማ ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ከከተማ ወጣ ባለ አንድ የቡና ማዘጋጃ ቦታ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቀይ እሸት ቡና ከገበሬው ይገባል። ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይዘረጋል። ሴቶች ዙሪያውን ቆመው ያገላብጡታል፤ የተበላሸውን ይለቅማሉ። እርጥበቱ 12 ከመቶ አካባቢ እስኪወርድ ድረስ ዝናብ ካገኘው ጉድ ነው። ይሻግታል፣ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ደረጃው ይወርዳል። የጅማን ሰማይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በጥቅምትም ቢሆን አይታመንም።

ከለቃሚዎቹ መሀል አንዲት በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ነበረች። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላት። ከሁሉ ቀድማ ደመና የምታየው እሷ ናት። አንድ ቀን ከዴዶ በኩል ጠቁሮ ሲመጣ አየችና አልጋዋን ትታ ላስቲክ ልትጎትት ሮጠች። የራሷን ሸፈነች፤ የጎረቤቷንም ሸፈነች። ደመናው ግን አልዘነበም፤ አልፎ ሄደ። ካቦው መጣ። «ማን አዘዘሽ?» አላት። አልጋዋን ጥላ ሄዳለች ተብሎ የግማሽ ቀን ሒሳቧ ተቆረጠ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። መዝገቡ በእጄ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደመናው በዚያው በኩል ተመልሶ መጣ። እትዬ ቀና ብላ አየችው። እኔንም አየችኝ። ከዚያ አቀርቅራ መልቀሟን ቀጠለች። አርባ የሚሆኑ ሴቶች ደመናውን ያያሉ፤ አንዲትም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ካቦው ከበሩ በኩል «ሸፍኑ! ሸፍኑ!» እያለ ሲሮጥ ውሃው አልጋው ላይ ነበር።

ማታ ባለቤቱ ሰብስቦን «እናንተ ካልተነገራችሁ አትሠሩም» አለን።

ያቺ የግማሽ ቀን ሒሳብ ለአርባ ሴት ትምህርት ሆናለች። ማንም ደንብ አላነበበላቸውም፤ ማንም ሥልጠና አልሰጣቸውም። አንዲት ሴት ምን እንደደረሰባት አዩ፤ በቃ። እኔ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን እውነተኛ ደንብ የሚማረው መጀመሪያ አፉን የከፈተው ሰው ምን እንደተደረገ አይቶ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ሰው ከእናቱ ሆድ ይዞት አይወጣም። ቢሮ ውስጥ ነው የሚገባው።

ስለዚህ «የእኛ ሰው ተፈጥሮው ነው» የሚለውን አልቀበልም። ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ሚሻኤል ፍሬዘ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የምሥራቅና የምዕራብ ጀርመን ሠራተኞችን አነጻጽሮ ነበር። ሕዝቡ አንድ ነው፤ ቋንቋው አንድ ነው። ለ40 ዓመት ያህል ግን በተለያየ ሥርዓት ሠርተዋል። የምሥራቆቹ በራሳቸው ተነሥተው ነገር የመጀመር ልማዳቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ምክንያቱ ሲፈለግ የተገኘው ሥራቸው ውስጥ ነው። በሥራው ላይ የመወሰን መብት የሌለው፣ ሥራውም ብዙ ማሰብ የማይጠይቀው ሰው፣ እያደር መጀመርን ይተዋል። ወዳጆቼ፣ ይህ ለእኛ ትልቅ ተስፋ ነው። ሥራ ያጠፋውን ሥራ ሊመልሰው ይችላላ!

ደግሞ ጅማ ይህን ነገር ከሌላው ቀድማ የምታውቅ ከተማ ናት። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1983 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ትምህርቱን ማኅበረሰብ ላይ ነው የመሠረተው። በ1992 ዓ.ም. ከግብርናው ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ይዞት ቀጠለ። ተማሪው ቀበሌ ይገባል። ቤት ለቤት ይጠይቃል። የውሃውን፣ የመጸዳጃውን፣ የሕፃናቱን ችግር ራሱ ለይቶ ያወጣል። ከዚያ ከሕዝቡ ጋር ሆኖ መፍትሔ ይሞክራል። ተማሪዎቹ በነጭ ጋውን በየመንደሩ ሲዞሩ ስንቱን ዓመት አይተናቸዋል።

እነዚሁ ልጆች ተመርቀው የእኛን ቢሮ በር ያንኳኳሉ። ትናንት የአንድ ቀበሌ ችግር ዘርዝሮ ሪፖርት የጻፈ ልጅ በስድስት ወሩ የራሱን ኮሪደር ችግር የማይናገር ሆኖ ይገኛል። ምን ነካው? እኛ ነና የነካነው።

እንዴት እንደምንነካው ከራሴ ልንገራችሁ።

አንድ ወጣት ነበረ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። ሪከርድና ማህደር ክፍል ተመደበ። ያኔ የባለጉዳይ ፋይል መጥፋት የዕለት ተዕለት ነገር ነበር። ከሰቃ፣ ከአጋሮ የመጣ ገበሬ ፋይሉ እስኪገኝ በረንዳ ላይ ይውላል። አንዳንዴም «ነገ ተመለስ» ይባላል። ነገ ማለት ለእሱ ሌላ የትራንስፖርት ብር ነው፤ ሌላ የጠፋ የሥራ ቀን ነው። ልጁ ሁለት ወር ካየ በኋላ ሁለት ገጽ ማመልከቻ ጻፈ። ፋይሎቹ በቀበሌ ተለይተው ቁጥር ይሰጣቸው፣ ጀርባቸው ላይ የቀለም ፕላስተር ይለጠፍ፣ ፋይል ያወጣ ሰው በቦታው ካርድ ይተው። ይኸው ነው ያለው። የጠየቀው ወጪ ፕላስተርና ካርቶን ብቻ ነበር።

ኃላፊው አነበቡት። ጥግ ላይ «ከማህደሩ ጋር ይያያዝ» ብለው መሩበት። ወደ እኔ መጣ። እኔም አያያዝኩት። ወጋሁት፤ ዘጋሁት፤ መደርደሪያ ላይ መለስኩት። በደንቡ መሠረት ሥራዬን ጨረስኩ ብዬ ነው የተሰማኝ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ኃላፊው «ትናንት መጥተው ሊያስተምሩን የሚፈልጉ አሉ» አሉ። ስም አልጠሩም። ሁሉም ግን ልጁን ዞሮ አየው። በስድስተኛው ወር ኢፊሸንሲው፣ ማለትም የሥራ አፈጻጸም ምዘናው፣ ሲሞላ «ለኃላፊ ያለው አክብሮት» የምትለው መስመር ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ሰፈረ። የሌሎቹ ሁሉ ከ85 በላይ ነው። የእሱ 68 ሆነ። ቅጹን ተቀብዬ ማህደሩ ውስጥ ያስገባሁት አሁንም እኔው ነኝ። ልጁ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሠርቶ መልቀቂያ አስገባ። ክሊራንሱ ላይ ንብረት ክፍል ፈረመ፤ ፋይናንስ ፈረመ፤ መጨረሻ ላይ እኔ ፈረምኩ። ያ ወረቀት የወንበርና የካልኩሌተር ጥያቄ አለበት። «ለምን ትሄዳለህ?» የሚል ግን የለበትም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ከእሱ በኋላ በዚያ ክፍል አራት ሰው ተቀያይሯል። አንዱም ወረቀት አልጻፈም። ፋይል መጥፋቱም ቀጠለ። ኃላፊው ደግሞ «ሠራተኛው ተነሳሽነት የለውም» ይሉ ነበር። ክፉ ሰው ግን አልነበሩም። ለቅሶ የሚደርሱ፣ የታመመ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ከበታች የመጣ ሐሳብን እንደ ስድብ እንዲሰሙት ያደረጋቸው እሳቸውም ያደጉበት ቢሮ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሥራ የሚጀምረው። እኛ «አለቃው ነው ጥፋተኛው» ብለን ማምለጥ አንችልም። ቅጹ የእኛ ነው። ማህደሩ የእኛ ነው። የሥራ ዝርዝሩን የምንጽፈው እኛ ነን። ማን ለሥልጠና እንደሚሄድ ስም ዝርዝር የምናዘጋጀው እኛ ነን። ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢውን ሲረግጥ የሚቀበለውም የእኛ ቢሮ ነው።

ስለዚህ ስለመጀመሪያዎቹ ቀናት ላንሳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይላል። እነዚህን ቀናት እኛ ሠራተኛውን የምንፈትንበት አድርገን ነው የምናያቸው። እሱም እኛን እየፈተነ መሆኑን እንረሳለን። አዲስ ሰው የሚያየውን ነባር ሰው አያየውም። ሽንት ቤቱ ለምን ተቆለፈ? ይህ ቅጽ ለምን በሦስት ኮፒ ይሞላል? ባለጉዳይ ለምን ሁለት ጊዜ ይሰለፋል? እኛ ለምደነዋል፤ እሱ ገና አልለመደውም። ታዲያ በ30ኛው ቀን ጠርታችሁ «እስካሁን ያየኸው ግራ የሚያጋባ ነገር ምንድነው?» ብትሉት ምናለ? ሻይ አዝዛችሁ፣ ብዕር ሳትይዙ። እኔ ይህን የጀመርኩት ጡረታ ልወጣ ሦስት ዓመት ሲቀረኝ ነው። ዘግይቻለሁ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት የሰማሁት ግን ከዚያ በፊት በ19 ዓመት ከሰማሁት ይበልጣል።

አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በ30ኛ ቀኗ ጠርቻት «የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ሌሊት ያንጠባጥባል፤ ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የማደርቀው፤ ግን ግድግዳው እያበጠ ነው» አለችኝ። ለማን እንደምትናገር አታውቅም ነበር። ለጥገና ክፍል ነገርኩ፤ በሳምንቱ ተሠራ። ሄጄ «ባንቺ ምክንያት ተሠራ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ የዚያ ሕንፃ የተበላሸ ነገር ሁሉ በእሷ በኩል ቀድሞ ይደርሰኝ ጀመር። አንድም ሳንቲም አልጨመርንላትም። መጨመር ነበረብን፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰሚ ግን አገኘች።

ይህችው ሴት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ስብሰባው በአማርኛ ነበር። እሷ አማርኛ ትሰማለች፤ ሐሳቧ የሚፈስላት ግን በአፋን ኦሮሞ ነው። እኔ ቢሮ ስትመጣ በአፋን ኦሮሞ ነበር የምናወራው፤ ቀልደኛ ናት፣ ተከራካሪም ናት። ይህንን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው እኔ የሚቀናኝ እሱ ስለሆነ ነው። ለእሷም የሚቀናት ቋንቋ ይፈቀድላት ማለቴ ነው። በከተማችን አንዳንድ ግቢ ውስጥ «ዝምተኛ ሠራተኛ» የምንለው ሰው በቋንቋው አልተጠየቀም ይሆናል።

ደግሞ እውነተኛው ስብሰባ የት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ከግቢው በር ላይ ያለችው የጀበና ቡና ዘንድ ነው። እዚያ መሥሪያ ቤቱ ምን እንደጎደለው ያልተባለ የለም። መፍትሔውም ይነገራል፤ ከነወጪው። አዳራሽ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ሰው ይጠፋል። እባካችሁ፣ ቡናው ላይ የተባለውን የሚያደርስ ሰው አታስቀምጡ። እንደዚያ ከሆነ ቡናውም ዝም ይላል። ይልቅ ያንኑ ሰው አዳራሹ ውስጥ ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁ።

ፍርሃት ስል ብዙ ኃላፊ ቅር ይለዋል። «እኛ ቤት ፍርሃት የለም፤ አንድም ቅሬታ ቀርቦ አያውቅም» ይሉኛል። ልክ እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል የሃርቫርድ ምሁር በ1990ዎቹ ሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን አጥንታ ነበር። ጥሩ የሚተባበሩት ክፍሎች ስህተታቸው አነስ ያለ ይሆናል ብላ ጠበቀች። መዝገቡ ተቃራኒውን አሳየ፤ በጥሩዎቹ ክፍሎች ብዙ ስህተት ተመዝግቧል። ነገሩን ስትመረምር፣ ጥሩዎቹ ጋ ሰው ስህተቱን አይደብቅም። ሌሎቹ ጋ ይደበቃል። ትልቅ ሆስፒታል ባለበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ግኝት ቀላል ነገር አይደለም። ዜሮ ቅሬታ ያለበት መዝገብ ስታዩ ደስ አይበላችሁ። ክፍሉ ድረስ ውረዱ።

ስለ ለውጥ ፕሮግራሞቹ ብዙ አልልም። ቢፒአር የተባለውን የአሠራር ሂደት ለውጥ አይተናል፤ ቢኤስሲ የተባለውን የውጤት መለኪያ አይተናል፤ አንድ ለአምስት ተደራጅተናል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሞ ካይዘን የተባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ወደየመሥሪያ ቤቱ ሲገባ እኔ በጣም ነበር ተስፋ ያደረግኩት። ምክንያቱም የካይዘን ልቡ ትንሽ ሐሳብ ከታች መምጣቱ ነው። ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ማንኛውም የመስመር ሠራተኛ ስህተት ካየ ገመድ ይስባል፤ ኃላፊው ወዲያው ይመጣለታል፤ ችግሩ በጊዜ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። «ማን አዘዘህ?» የሚለው የለም። እኛ ጋ በብዙ ቦታ የቀረው ወለሉ ላይ የተቀባው ቢጫ መስመርና ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የሥራ ቦታ ማደራጃ መመሪያ፣ «አምስቱ ማ»፣ ነው። ገመዱ አልደረሰንም።

የሐሳብ መስጫ ሣጥኖቻችንንም እዩአቸው። እኔ ያለሁበት ቤት ሣጥኑ በጥሩ እንጨት የተሠራ ነበር። የጅማን አናጢ ታውቁታላችሁ፤ ሥራው ያምራል። ቁልፉ ግን ማን ጋ እንዳለ ለዓመታት አልታወቀም። በመጨረሻ ሲከፈት አሥራ አንድ ወረቀት ወጣ። አንዱ ከስድስት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። ጸሐፊው እስከ ዛሬ መልስ እየጠበቀ ይሆን? ሣጥኑን ጣሉት አልልም። ግን መልስ የሚሰጥበት ቀን ከሌለው ሣጥን ባይኖር ይሻላል። ለእያንዳንዱ ሐሳብ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥ። «አይሆንም» ከሆነም ምክንያቱ ይነገር። ሰው እምቢታን ይችላል። የማይችለው ዝምታን ነው። ሐሳቡ ሥራ ላይ ከዋለ ደግሞ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የባለቤቱ ስም ይለጠፍ። የቅጣት ደብዳቤ ስንለጥፍበት የኖርነው ሰሌዳ ያንኑ ያህል ምስጋና ቢያይ ምን አለበት?

አሁን ደግሞ ምዘናው። በዓመት ሁለት ጊዜ የምንሞላው ኢፊሸንሲ ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ኃላፊው ጠብ ስለማይፈልግ ለሁሉም 85፣ 87 ይሰጣል። የሚወርድበት ሰው ካለ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ሰው ነው። ቅጹን እንደዚያ አድርገን ያረቀቅነው እኛ ነን። «ታዛዥነት» የሚል መስመር አለበት፤ «ችግር አይቶ ያሳወቀ» የሚል መስመር የለበትም። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የኃላፊዎቹን ምዘና ስታዘጋጁ «በዚህ ስድስት ወር ከበታችህ ሠራተኛ የመጣና ሥራ ላይ ያዋልከው ሐሳብ ምንድነው?» የሚል ጥያቄ ጨምሩ። አንድ ጥያቄ ብቻ። ሐሳብ ያመጣ ሠራተኛ ለአለቃው ነጥብ የሚያስገኝ ከሆነ አቀባበሉ በሳምንት ይለወጣል። ይህን በእርግጠኝነት የምለው አለቆችን ስለማውቃቸው ነው።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ግን ስለ መስኮቱ ነው። ባለጉዳይ የሚያገኘው ሠራተኛ ምን መወሰን ይችላል? ብዙ ቤት ምንም አይችልም። «ኃላፊው የሉም፣ ነገ ይምጡ» የሚለው ልጅ ሰነፍ መስሎ ይታየናል። ሥልጣን የሌለው ሰው ሌላ ምን ይበል? አንድ ቀን በራሱ ወስኖ ቢሳሳት ማን እንደሚቆምለት አያውቅም። የሥራ ዝርዝሩ ላይ አሥራ ሁለት ግዴታ ተዘርዝሯል፤ መጨረሻው «ሌሎች ከኃላፊው የሚሰጡ ተግባራትን ያከናውናል» ነው። «ይህንን ያለማንም ፊርማ መወሰን ይችላል» የሚል አንድ መስመር የለውም። እስቲ ጨምሩለት። ፎቶ ኮፒ የጎደለውን ፋይል ተቀብሎ ነገ አሟላ ማለት ይችላል በሉ። ከሩቅ የመጣን ሰው፣ አቅመ ደካማን፣ ነፍሰ ጡርን ወረፋ ማስቀደም ይችላል በሉ። ሆቴል ከሆነ እንግዳ የመለሰውን ምግብ አለቃ ሳይጠራ መቀየር ይችላል በሉ። ተሳስቶ ቢገኝም የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አስበህ ነው?» ይሁን። «ማን አዘዘህ?» አይሁን። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ለተጠየቀው ሰው ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

ስለ ደሞዝም ሳልናገር ብቀር እትዬን እንደገና የበደልኳት ያህል ነው። ፍሬድሪክ ሄርዝበርግ የሚባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1959 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ደሞዝና የሥራ ቦታ ሁኔታ ሲጎድሉ ሰውን ያስከፋሉ፤ ሥራውን እንዲወድ የሚያደርገው ግን ሥራው ራሱ፣ ኃላፊነቱና የሚያገኘው ዕውቅና ነው። ይህንን ጥናት አንዳንድ ኃላፊ «እንግዲያው ገንዘብ ዋጋ የለውም» ብሎ ሲጠቅሰው ሰምቻለሁ። እንደዚያ አይደለም። ደሞዙ ከወር ወር የማያደርሰው፣ የቤት ኪራይ ያሰረው ሰው ጭንቅላቱ ሥራው ላይ አይሆንም። በሕዝብ በዓል ያሠራችሁትን ትርፍ ሰዓት ሕጉ ሁለት ተኩል እጥፍ ክፈሉ ይላል። ክፈሉ። ቀኑን ጠብቃችሁ ክፈሉ። ከሰው ላይ የሰዓት ሒሳብ እየሸራረፉ በጎ ፈቃድ መጠየቅ ነውር ነው። የሥልጠና ዕድሉም አበል አለበት እየተባለ ለአንድ ሰፈር ሰው ብቻ አይሂድ። ማን፣ ለምን እንደተመረጠ ሰሌዳው ላይ ይውጣ።

ብዙዎቻችሁ በጀት የለንም እንደምትሉ አውቃለሁ። ከላይ የጠየቅኳችሁን መለስ ብላችሁ እዩት። የሻይ ዋጋ፣ አንድ የምዘና መስመር፣ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ጥቂት ዓረፍተ ነገር፣ በ15 ቀን የሚጻፍ መልስ። ከባዱ ነገር በመሀል መቆማችሁ ነው። ኃላፊው «ከማህደሩ ጋር ይያያዝ» ብሎ ሲመራ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ተመልሳችሁ ገብታችሁ «ጌታዬ፣ ለልጁ ምን ብለን እንመልስለት?» ማለት ያስፈልጋል። እኔ ያንን ማድረግ እችል ነበር። ከቢሮዬ እስከ ቢሯቸው አሥር እርምጃ ነው። አላደረግኩትም።

አሁን አንድ ነገር እንድታደርጉልኝ እጠይቃለሁ። ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ መደርደሪያው ላይ ካሉት ማህደሮች አሥሩን አውርዱ። የቅጥር ደብዳቤውን፣ የፈቃድ ቅጹን፣ የማስጠንቀቂያውን እለፉት። በመሀል ሠራተኛው በራሱ እጅ የጻፈው፣ ማንም ያላዘዘው ወረቀት ታገኛላችሁ። ጥግ ላይ ምሪት አለበት፤ መልስ የለውም። ሰውየው አሁንም እዚያው እየሠራ ከሆነ ጥሩት። ለቆ ከሆነም ስልኩ ከገጹ አናት ላይ አለ።

እኔ የዚያን የማህደር ክፍል ልጅ ስልክ ባለፈው ሳምንት ደውዬ አገኘሁት። ሌላ ከተማ ነው፤ ሁለት ልጆች ወልዷል። ፋይሎቹ በመጨረሻ በቀበሌ ተለይተው እንደሆነ ጠየቀኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የሰው ሀብት ባለሙያ
ሕርማታ፣ ጅማ